በሩ የሚነዝር ትሬይለር፦ ሶኬቱን ከመቀየርህ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። በቅርቡ የ1998 ሞዴል ያገለገለ የካምፒንግ ትሬይለር ገዛሁ። ባለ 30 አምፕ ነው። መብራቱ ይሠራል፣ ፍሪጁም ይሠራል። የኩሽናው ሁለት ሶኬቶችና የውጪው ሶኬት ግን ኮረንቲ የላቸውም። ከመመገቢያ ጠረጴዛው ሥር ያለው ይሠራል፤ ፊቱ ግን ቡናማ ሆኗል፣ ማሞቂያ ስንሰካበትም ይሞቃል። ቤት ሳቆመው ጋራዥ ውስጥ ካለው ባለ ቁልፍ ሶኬት ስሰካው ወዲያው ይቆርጣል። ስለዚህ ከበረንዳው አሮጌ ሶኬት በኤክስቴንሽን እሰካዋለሁ፤ እዚያ ምንም አይልም። ባለፈው ባለቤቴ በባዶ እግሯ እርጥብ ሣር ላይ ቆማ የበሩን እጀታ ስትነካ ነዘራት። እኔ ጫማ አድርጌ ስነካው ምንም የለም። ሶኬቶቹን በሙሉ አውጥቼ በአዲስ ልቀይር አስቤያለሁ። አገር ቤት እያለሁ የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ እሞካክር ነበር። ምን ዓይነት ሶኬትና ሽቦ ልግዛ? ከየትኛው ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ኮረንቲ ያጡት ሶኬቶች አላስጨነቁኝም። ያስጨነቀኝ የበሩ እጀታ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተልህን ገልብጬ ልመልስልህ። ሶኬት መግዛቱ ይቆይ። ዛሬውኑ ትሬይለሩን ከኮረንቲ አላቀው። መጀመሪያ የቤትህ ብሬከር ሳጥን ጋ ሄደህ የበረንዳውን ብሬከር አጥፋ። ከዚያ ገመዱን በቤቱ በኩል ንቀል። ስትነቅል የትሬይለሩን ብረት አትንካ። ልጆች ካሉ አጠገቡ እንዳይጫወቱ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እዚያ በረንዳ ላይ ተመልሶ አይሰካም።

አንተን ያልነዘረህ ጫማህ ስለከለለህ ነው። ባለቤትህ በባዶ እግሯ እርጥብ ሣር ላይ ስትቆም ግን ኮረንቲው በእሷ በኩል ወደ መሬት መውረጃ አገኘ። የትሬይለሩ ብረት ኮረንቲ ተሸክሟል ማለት ነው። ዛሬ ነዘር አድርጎ የለቀቀ ኮረንቲ ነገ እጅም እግርም ሲረጥብ ሊገድል ይችላል። በተለይ ልጅ ሲሆን። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይል» ተብሎ የሚታለፍ ንዝረት የለም።

አሁን ራስህ የነገርከኝን አንድ ላይ እንየው። የጋራዡ ሶኬት ወዲያው ይቆርጣል። የበረንዳው አሮጌ ሶኬት ምንም አይልም። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ የጋራዡ ሶኬት ተበላሽቷል ይላል። እኔ የጋራዡን ነው የማምነው። ያ ባለ ቁልፍ ሶኬት ጂኤፍሲአይ ይባላል። በጥቁሩ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በነጩ በኩል በሙሉ መመለሱን ያነጻጽራል። ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፕ ያህል ከጎደለ ይቆርጣል። ይህ መጠን ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ከሚያደርሰው በታች ሆኖ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ትሬይለርህ ውስጥ አንድ ቦታ ኮረንቲ እያመለጠ ነው፣ ወይም ኒውትራሉ (ኮረንቲውን የሚመልሰው ነጩ ሽቦ) ከግራውንዱ (ያመለጠ ኮረንቲ እንዲመለስበት ከብረቱ ጋር ከሚታሰረው የመከላከያ ሽቦ) ጋር ተነካክቷል። የጋራዡ ሶኬት ይህን አይቶ ነገረህ። የበረንዳው ማየት አይችልም።

ማምለጡ ብቻውን ግን በሩን አያስነዝርም። ግራውንዱ ደህና ቢሆን ኖሮ ያመለጠው ኮረንቲ በግራውንዱ ሽቦ ይመለስ ነበር። ብዙ ከሆነም ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ብረቱ ላይ የቀረው መሄጃ አጥቶ ነው። ስለዚህ ያለህ ችግር አንድ አይመስለኝም። አንደኛ፣ የሆነ ነገር ኮረንቲ ወደ ብረቱ ያመልጥበታል። ሁለተኛ፣ ከትሬይለሩ እስከ ቤትህ ባለው መንገድ ላይ ግራውንዱ ተቋርጧል። ሶኬቶቹን በሙሉ በአዲስ ብትቀይር ሁለቱም እዚያው ይጠብቁሃል።

ከግራውንዱ እንጀምር፤ ፍለጋው ቀላል ነው። ኤክስቴንሽኑን ውሰድና መሰኪያውን እይ። ሦስተኛው፣ ክቡ እግር አለ? ተቆርጦ ወይም ተሰብሮ የምታገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ከሌለ ያን ገመድ አሁኑኑ ጣለው። ካለ ደግሞ ከሃርድዌር መደብር ባለ ሦስት መብራት የሶኬት መፈተሻ ግዛ። በአሥር ዶላር አካባቢ ነው። የበረንዳውን ብሬከር መልሰህ አብራ፤ መፈተሻውን በረንዳው ሶኬት ላይ ሰካውና ላዩ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክር። አሜሪካ ውስጥ በአሮጌ ቤቶች ግራውንድ ሳይኖር ባለ ሁለት ቀዳዳው ሶኬት በባለ ሦስት ተተክቶ ማግኘት የተለመደ ነው። ፊቱን ስታየው ሙሉ ይመስላል፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም።

ቀጥሎ የትሬይለሩ ተራ ነው። ከኮረንቲ እንደተላቀቀ መልቲሜትሩን (ቮልትና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) ኦም ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የትሬይለሩ ዋና መሰኪያ የግራውንድ እግር ላይ፣ ሌላውን ቀለሙ የተፋቀ የሻንሲ ብረት ላይ አሳርፍ። ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት። ከዚያ የበሩን እጀታ፣ የጋዝ ቱቦውን፣ የእያንዳንዱን ሶኬት የግራውንድ ቀዳዳ በተራ ለካ። ሻንሲው ጋ ከፍ ያለ ቁጥር ካየህ ከብሬከር ሳጥኑ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ወፍራም የመዳብ ሽቦ ፈልግ። በአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከተው አንቀጽ 551 ነው። ይህ ሽቦ ከ8 ጌጅ እንዳይቀጥን ያዛል (ጌጅ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)። ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ብሎን ከታች ስለሆነ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ይበላዋል። ፍታው፣ ብረቱን እስኪያበራ በብረት ብሩሽ ፈትገው፣ አዲስ ብሎን ከነሾለ ጥርስ ዋሸሩ አስገብተህ እሰረው።

ግራውንዱ ከተስተካከለ በኋላ የሚያመልጠውን ፍለጋ ትገባለህ። አሁን የጋራዡ ሶኬት ረዳትህ ነው። የትሬይለሩን ብሬከሮች በሙሉ፣ ዋናውንም ጨምሮ አጥፋ። ከዚያ ሦስት እግሩ ሙሉ በሆነ ወፍራም ገመድ ከጋራዡ ሰካ። ሁሉም ጠፍቶ እያለ ከቆረጠ ጥፋቱ ገመዱ ወይም መሰኪያው ውስጥ ነው፣ ወይም ኒውትራሉ ትሬይለሩ ውስጥ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቷል። ብሬከር ጥቁሩን ብቻ ነው የሚቆርጠው። ነጩ ሁልጊዜ እንደተያያዘ ነው። ካልቆረጠ ዋናውን ክፈት። ቀጥሎ ሌሎቹን አንድ በአንድ። አንዱን ስትከፍት ከቆረጠ ያ መስመር ነው።

ከእኔ ልምድ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የውሃ ማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ዘንግ ነው፣ ያንተ ካለው። ታንኩ ውሃ ሳይሞላ የተከፈተ እንደሆነ ዘንጉ ይቃጠላል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ኮረንቲው በውሃው በኩል ወደ ታንኩ ብረት ይሄዳል። ያገለገለ ትሬይለር ሲገዛ ይህ በብዛት የሚያጋጥም ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የፍሪጁ የ120 ቮልት ማሞቂያ ነው። ሦስተኛው ያ የሞተው የውጪ ሶኬት ነው። ክዳኑ ፈጦ ዝናብና በረዶ ሲገባበት ከርሞ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ሆኖ ታገኘው ይሆናል።

ኒውትራልና ግራውንድ የሚለውን ሳልዘረዝር ማለፍ አልፈልግም፤ በጎበዝ የቤት ኤሌክትሪሻን እጅ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ቤት ውስጥ ሁለቱ ዋናው ሳጥን ላይ ይታሰራሉ። ትሬይለር ውስጥ ግን አይታሰሩም። መታሰር ያለባቸው ኮረንቲው የሚመጣበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ካምፕ ሜዳው ላይ፣ ወይም ቤትህ ዋና ሳጥን ውስጥ። ትሬይለሩ ውስጥ ከታሰሩ የሚመለሰው ኮረንቲ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ በሻንሲው ይሄዳል። ከኮረንቲ አላቀህ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተህ ሳጥኑን ክፈት። የነጮቹ ማሰሪያና የባዶ ሽቦዎቹ ማሰሪያ መካከል በኦም ለካ። መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ ነጮቹን አንድ በአንድ እየፈታህ ለካ። አንዱን ስትፈታ ግንኙነቱ ከጠፋ፣ ያ መስመር ላይ ሶኬት ውስጥ ባዶው ሽቦ ከነጩ ማሰሪያ ጋር ተነካክቷል፣ ወይም የግድግዳ ብሎን ገመዱን ወግቶ ሁለቱን አገናኝቷል። ምንም ፈትተህ ካልጠፋ ማሰሪያዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ አረንጓዴ ብሎን ወይም ቅጠል ፈልግ። አውጣው።

አሁን ወደ ሞቱት ሶኬቶች። መብራቱና ፍሪጁ ስለሠሩ ኮረንቲው ደህና ነው ብለህ ከሆነ እሱ ማስረጃ አይሆንም። የትሬይለር መብራት በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ከባትሪ ነው። 120ውን ወደ 12 የሚለውጠው ኮንቨርተር ባይሠራም ባትሪው እስኪያልቅ ይበራል። ፍሪጁም በጋዝ እየሄደ ሊሆን ይችላል።

የኩሽናና የውጪ ሶኬት አብረው ሲሞቱ በመጀመሪያ የማየው የመታጠቢያ ክፍሉን ሶኬት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች እርጥበት ያለባቸውን ቦታዎች በሙሉ ከአንድ ጂኤፍሲአይ ያስቀጥሉ ነበር። እሱ ከቆረጠ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይሞታሉ። ራሳቸው ላይ ምንም ምልክት አይታይም። ፎጣ ከኋላው ተሰቅሎ፣ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የመመለሻውን ቁልፍ ቀጭ እስኪል ግፋው። ከተመለሰና ሶኬቶቹ ከተነሱ ያለ ምንም ወጪ ጨረስክ። ያ ቁልፍ የወረደበትን ምክንያት ግን ከላይ ባልኩት መንገድ ፈልግ። አልመለስ ካለ መጀመሪያ ኮረንቲ ወደ እሱ መድረሱን ለካ፤ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ኮረንቲ ካልደረሳቸው አይመለሱም። ከዚያ የብሬከር ሳጥኑን እይ። የወረደ ብሬከር መሃል ላይ ቆሞ የተከፈተ ሊመስል ይችላል። ሙሉ በሙሉ ወደ ማጥፊያው ገፍተህ ከዚያ መልሰው።

ጂኤፍሲአዩም ብሬከሩም ደህና ከሆኑ ችግሩ ከሶኬት ወደ ሶኬት በሚሄደው ገመድ ላይ ነው። ሶኬቶች በአንድ ገመድ ተከታትለው ነው የታሰሩት። አንዱ ላይ የላላ ነገር ካለ የሚሞተው ከእሱ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ የሞተውን ብቻ ከፍተህ አትመልከት። ከእሱ በፊት ያለውን የመጨረሻውን የሚሠራ ሶኬት ክፈት። ያንተ ቡናማው ሶኬት የዚሁ መስመር አካል ከሆነ እኔ የምገምተው እሱን ነው።

ልኬቱ እንዲህ ይነበባል። ከጥቁር ወደ ነጭ ወደ 120 ቮልት፤ ከጥቁር ወደ ግራውንድም እንዲሁ። ከነጭ ወደ ግራውንድ ከ2 ቮልት ያልበለጠ። ከጥቁር ወደ ግራውንድ 120 አግኝተህ ከጥቁር ወደ ነጭ ምንም ካጣህ ነጩ ተቋርጧል። ዲጂታል ሜትር የተቋረጠ ሽቦ ላይ 40 ወይም 60 ቮልት ሊያሳይህ ይችላል። ያ ከጎኑ ካለው ሽቦ የሚመጣ ባዶ ቁጥር ነው። አምፖል ብትሰካበት አይበራም። ስለዚህ ከሜትሩ ጋር የጠረጴዛ መብራት ይዘህ ዙር። ኮረንቲ ባለበት መስመር ላይ እነዚህን ስትለካ ጫማህ ደረቅ ይሁን፣ ሌላው እጅህ ብረት አይንካ።

አሁን ወደ ቡናማው። ከዚህ በኋላ ምንም አትሰካበት። ለምን እንደነደደ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 1,500 ዋት ማሞቂያ በ120 ቮልት 12.5 አምፕ ይስባል። ሶኬቱ ጀርባ ያለው መያዣ በጉዞ መንቀጥቀጥ ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ ቢጨምር እዚያች ነጥብ ላይ ወደ 78 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ጀርባው ቀጭን የእንጨት ገበታና ፎም ነው። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ ለእሱ 12.5 አምፕ ጤነኛ ነው። የትሬይለር እሳት እንዲህ ሊነሳ ይችላል። የሚሞቅ ሶኬት ካየህ ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም።

ስትከፍተው እንደ ቤት ሶኬት አይደለም። የ90ዎቹ ትሬይለሮች በብዛት ሳጥን የሌለው፣ ራሱን የቻለ ሶኬት ነው ያላቸው። የገመዱ የውጪ ሽፋን ቢወጣም ውስጡ ያሉት ሽቦዎች አይላጡም። ጀርባው ላይ ያሉ ሹል ቅጠሎች ሽፋኑን ወግተው መዳቡን ይነክሳሉ። ፋብሪካው ሥራው ስለሚፈጥንለት ይመርጠዋል። ቀጭን ግድግዳ ውስጥም ይገባል። ግን ሲላላ ብሎን የለውም፣ ማጥበቅ አይቻልም። አንዴ የፈታኸውን መልሰህ በእጅ ብትጫነው አይነክስም። በአዲስ መቀየር አለበት፣ በራሱ መጫኛ መሣሪያ።

እኔ ቦታ ካለ ሳጥን ውስጥ የሚገባውን ተራውን ባለ ብሎን ሶኬት እመርጣለሁ። እዚህ ጋ ግን ግድግዳህን ለካ። ሁለት ገመድ፣ አንዱ ገብቶ አንዱ ወጥቶ፣ በ14 ጌጅ ከሆነ ሳጥኑ ቢያንስ 14 ኪዩቢክ ኢንች ይዘት ይፈልጋል። በ12 ጌጅ ደግሞ ይበልጣል። ጥልቀት የሌላቸው የትሬይለር ሳጥኖች ብዙዎቹ ይህን አይሞሉም። ይዘቱ ውስጡ ተጽፎበታል። ካልበቃ ቁም ሳጥን ውስጥ በኩል ወጣ ያለ ሳጥን መግጠም ይቻላል። ያ ካልሆነ ያንኑ ራሱን የቻለ ሶኬት አዲስ ገዝተህ በመሣሪያው ተጫን። ሽቦዎቹን አጨናንቆ ትንሽ ሳጥን ውስጥ መክተት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ከመንካትህ በፊት ሁሉንም ምንጭ አጥፋ። ገመዱ ተነቅሏል፣ ጄኔሬተር ካለ ጠፍቷል፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 የሚለውጠው) ካለ ጠፍቷል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቷል። መፈተሻህን መጀመሪያ የሚሠራ የቤት ሶኬት ላይ ሞክር፣ ከዚያ የምትከፍተው ላይ፣ ከዚያ ተመልሰህ እንደገና የሚሠራው ላይ። ባትሪው ያለቀበት መፈተሻ ሁሉንም «የለም» ስለሚል ነው። ፎቶ አንሳ። አሮጌውን ስታወጣ የጠቆረውን መዳብ እስኪያበራ ድረስ ቆርጠህ ጣል። የሽፋኑ ፕላስቲክ ደርቆ የሚሰባበር ከሆነ ከዚያም ወደ ኋላ ቁረጥ። ሳጥኑ ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ሽቦ ሊተርፍህ ይገባል። ካጠረ በናስትሮ ጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ መደበቅ የለም። ቅጥያው የሚከፈት ሳጥን ውስጥ ይሁን።

እዚህ ጋ አገር ቤት የለመድከው እጅህ እንዳያሳስትህ። ጥቁር ሽቦ ኒውትራል ነው ብለህ ከለመድክ እዚህ ተቃራኒው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሩ ነው ኮረንቲ የሚይዘው። ነጩ ኒውትራል ነው፣ ባዶው መዳብ ወይም አረንጓዴው ግራውንድ። ጥቁሩ ወርቃማው ብሎን ላይ፣ ነጩ ብርማው ላይ፣ ባዶው አረንጓዴው ላይ ይታሰራል። ትሬይለር ውስጥ ሌላም ወጥመድ አለ። የ12 ቮልቱም መስመር ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ። ግድግዳው ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። የ120ው አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ቢጫ ወይም ነጭ ሽፋን ውስጥ ያለ ድፍን መዳብ ነው። የ12ቱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ የሚሄድ፣ ውስጡ ብዙ ክር ያለው ነው። ሳትለካ በቀለም ብቻ አታገናኝ።

ሽቦውን ከብሎኑ ሥር በሰዓት አቅጣጫ አዙረህ አጥብቀው፤ ስታጠብቀው ወደ ውስጥ እንዲስበው። ከጀርባ ቀዳዳ ውስጥ ገፍቶ መተው የሚቻልበት ዓይነት ሶኬት አለ። ለሚንቀጠቀጥ ቤት አትጠቀምበት። ካሰርክ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ጠንከር አድርገህ ጎትተው። ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም።

የሽቦ ጥያቄህ መልስ ከብሬከሩ ላይ ይነበባል። 15 አምፕ ከሆነ 14 ጌጅ፣ 20 ከሆነ 12 ጌጅ መዳብ። 30 አምፑ ዋናው ገመድ 10 ጌጅ ነው። ብሬከሩ ስለሚወርድ ብቻ 15ቱን በ20 መቀየር አይቻልም። ትሬይለርህ የ1998 ስለሆነ መዳብ ነው የምትጠብቀው። ይህን የሚያነብ ከ1965 እስከ 1973 አካባቢ የተሠራ ትሬይለር ያለው ካለ ግን ሽቦው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላልና ቀለሙን ይመልከት። ብርማ ከሆነ ተራ ሶኬት አይታሰርበትም። ሲኦ/ኤኤልአር የሚል ምልክት ያለው ይፈልጋል፣ ሥራውም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

አዲስ ጂኤፍሲአይ ስታስር ላይን የሚለው ላይ ከብሬከሩ የሚመጣውን፣ ሎድ የሚለው ላይ ወደ ሌሎቹ የሚሄደውን እሰር። ከተገላበጡ ጥበቃው በትክክል አይሠራም። የውጪው ሶኬት ደብልዩአር የሚል ምልክት ይኑረው፤ ዝናብና ፀሐይ የሚችል ማለት ነው። ክዳኑ ደግሞ ገመድ ተሰክቶም የሚዘጋው ዓይነት ይሁን።

ጨርሰህ ከጋራዡ ሰካ። ካልቆረጠ እያንዳንዱ ሶኬት ላይ የፀጉር ማድረቂያ ሰክተህ ቮልቱን ለካ። 120 የነበረው ከ114 በታች ከወረደ አንድ ቦታ የላላ አለ፣ ወይም ኤክስቴንሽኑ ቀጭን ነው። ከዚያ ከሣሩ ወጥተህ ደረቅ ቦታ ቆመህ በሻንሲውና እርጥብ መሬት ውስጥ በተተከለ ካቻቢቴ መካከል ቮልት ለካ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ2 ቮልት በላይ ካነበብክ ግራውንዱ ገና አልዳነም።

ስለ አጠቃቀም አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛ ሰው ካምፕ ሲወጣ ምጣዱን ይዞ ይወጣልና። እዚህ የሚሸጡት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ብዙዎቹ ወደ 1,500 ዋት ናቸው። ይህም ከማሞቂያው ጋር እኩል 12.5 አምፕ ነው። ባለ 30 አምፕ ትሬይለር በጠቅላላው የሚችለው 3,600 ዋት ነው። ኤር ኮንዲሽነሩ ብቻውን ሰፊውን ድርሻ ይወስዳል። ምጣድ፣ ማይክሮዌቭና ኤር ኮንዲሽነር አንድ ላይ አይሆኑም። ደግሞ ምጣድ ለረጅም ሰዓት ነው የሚነድደው። የድሮው ሶኬት ላይ ለሁለትና ሦስት ሰዓት 12.5 አምፕ መጫን ያንን ቡናማ ፊት የሚያመጣው ነው። ብዙ ካምፖች ላይ የኮረንቲ ምሰሶው ራሱ 20 አምፕ ጂኤፍሲአይ ሶኬት አለው። ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ከዚያ በ12 ጌጅ ገመድ ሰካው። ዝናብ ከሌለ ነው ታዲያ። የትሬይለሩ መስመርም ያርፋል፣ ጢሱም ውስጥ አይገባም።

ካምፕ ስትደርስ ደግሞ የምሰሶውን ብሬከር አጥፍተህ ሰካ፣ ከዚያ አብራ። ስትነቅልም እንዲሁ። በተከፈተ ብሬከር ላይ መሰኪያ ሲገባ የሚረጨው ብልጭታ ነው እግሮቹን የሚያጠቁራቸው። ገንዘብ ማውጣትህ ካልቀረ ከሶኬቶቹ በፊት የኮረንቲ መከላከያ ሳጥን ግዛ፤ ግራውንድ ከሌለ፣ ሽቦ ከተገላበጠ ወይም ቮልቱ ከወረደ ኮረንቲውን የማያሳልፈውን ዓይነት። መብራት ብቻ የሚያሳየው ርካሹ አይበቃህም። ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ላይ ስትሰካው «ግራውንድ የለም» ብሎ ሊዘጋብህ ይችላል፤ ብዙ ትናንሽ ጄኔሬተሮች ኒውትራላቸው ከግራውንድ ጋር አልታሰረም። ለዚያ ተብሎ የሚሸጥ መሰኪያ አለ። እሱን ጄኔሬተሩ ላይ ብቻ ተጠቀምበት፤ ቤት ወይም ካምፕ ላይ በፍጹም።

ሥራውን ለሰው የምትሰጥ ከሆነ የአርቪ (የካምፒንግ ተሽከርካሪ) ቴክኒሻን ፈልግ። የውሃ ማሞቂያውን ዘንግ መቀየርና የብሬከር ሳጥኑን ውስጥ መንካት ካልተማመንክበት እሱ ይሥራው፤ የቀሩትን ሶኬቶች አንተ ትችላቸዋለህ። ቤትህ ላይ ባለ 30 አምፕ ሶኬት ለማስገጠም ኤሌክትሪሻን ከጠራህ ደግሞ ቃልህን አስተካክለህ ንገረው። «ለትሬይለር፣ ቲቲ-30፣ 120 ቮልት» በለው። 30 አምፕ ሲባል የልብስ ማድረቂያ መስሎት በ240 የሚያስር አለ። መሰኪያው ያለ ችግር ይገባል፤ ኮንቨርተሩ፣ ማይክሮዌቩና የተሰካው ሁሉ ግን ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ጨርሶ ሲሄድ ሳትሰካ በፊት በሁለቱ ሰያፍ ቀዳዳዎች መካከል ራስህ ለካ። 120 ካላነበበ አትሰካው፣ መልሰህ ጥራው።